ጫጩት ቤት ስናሞቅ አየሩን አንዝጋ

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)





ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር ከእኔ በፊት የተናገሩት በሰፊው ስላነሡ፣ እኔ በተሰጠኝ አጭር ጊዜ ስለ ጫጩት ቤት ማሞቂያ ብቻ እናገራለሁ።

«ከሚሴ ቆላ ናት፤ ማሞቂያ ምን ያደርግላታል?» የሚል ጥያቄ አልፎ አልፎ ይነሣል። እውነት ነው፤ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ቀኑ ለእኛ ይሞቃል። የአንድ ቀን ጫጩት ግን ላባ እስክታወጣ ድረስ የራሷን ሙቀት መጠበቅ አትችልም። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ያስፈልጋታል፤ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት በቦርከና ዳር ይህን ሙቀት ያለ ማሞቂያ ማግኘት አይቻልም።

ችግሩ ያለው ቤቱን ማሞቃችን ላይ ሳይሆን መድፈናችን ላይ ነው። ከሰል በምድጃ እናቀጣጥልና «ሙቀቱ እንዳይወጣ» ብለን መስኮቱን በማዳበሪያ ከረጢት፣ በሩን በሸራ እንዘጋለን። እሳቱም እንደ ጫጩቷ፣ እንደ እኛም አየር ይፈልጋል። አየር ሲያንሰው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ ዓይንም አይቆጠቁጥም። ወደ ደም ገብቶ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ነው፤ የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቅ ሊሞት ይችላል። «ከሰል መታው» ስንል የምንሰማው ይኸው ነው።

ጫጩቶቹን እየጠበቀ የሚያድረው ማን ነው? በማኅበር የተደራጀ ወጣት ወይም የቤቱ ልጅ ነው። ጫጩት እናድናለን ስንል ልጅ እንዳናጣ።

ብዙ ጫጩት ለሚያሳድጉ ማኅበራት የጋዝ ማሞቂያ አንዱ አማራጭ ነው። ጋዝ ስል ለኩራዝ የምንጠቀምበትን ነጭ ጋዝ ሳይሆን በብረት ሲሊንደር ታሽጎ የሚሸጠውን የምግብ ማብሰያ ጋዝ ማለቴ ነው። ማሞቂያው ከላይ ተንጠልጥሎ ሸክላውን ያግላል፤ የጋለው ሸክላም ሙቀቱን እንደ ፀሐይ ጨረር ወደ ታች ይልካል። በቅድሚያ የሚሞቁት ጉዝጓዙና ጫጩቶቹ ናቸው፤ አየሩ የሚሞቀው ከእነርሱ በኋላ ነው። ስለሆነም ቤቱን መድፈን አያስፈልግም።

ጋዝም ቢሆን ያለ አየር አይነድም። 1 ኪሎ ጋዝ ሲቃጠል ከ12 ሜትር ኩብ በላይ አየር ይጠቀማል፤ 1 ኪሎ ተኩል ያህል ውሃም በእንፋሎት መልክ ያወጣል። ቤቱ ከተደፈነ አየሩ ይመረዛል፤ ጉዝጓዙም ረጥቦ አሞኒያ ያመነጫል። ሳይነድ ያፈተለከ ጋዝ ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ ክብሪት ሲጫር ይቀጣጠላል።

በመሆኑም የሚከተሉትን ጥንቃቄዎች ልብ እንድትሉልኝ እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ቤቱ ከጣሪያው ሥር የተቃጠለ አየር መውጫ፣ ከግድግዳው ግርጌ ንጹሕ አየር መግቢያ ይኑረው። በሣር ክዳን ቤት ውስጥ የጋዝ ማሞቂያ ፈጽሞ አይተከል።

ሁለተኛ፣ ሲሊንደሩ ከቤት ውጭ፣ ጥላ ሥር፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ እንዳይወድቅ ይታሰር። ጉድጓድ አጠገብ አይቀመጥ።

ሦስተኛ፣ ማሞቂያው በሰንሰለት ይንጠልጠል፤ በገመድ ወይም በራሱ የጋዝ ጎማ አይንጠልጠል። ከጉዝጓዝና ከእንጨት የሚርቅበት ልክ በፋብሪካው መመሪያ መሠረት ይሁን። ከረጢትና ሸራ አጠገቡ አይድረሱ።

አራተኛ፣ ነበልባሉ ሲጠፋ ጋዙን በራሱ የሚዘጋ መሣሪያ የሌለውን ማሞቂያ አንግዛ።

አምስተኛ፣ ተከላው በባለሙያ ይሠራ። መገጣጠሚያው በሳሙና አረፋ ይፈተሽ እንጂ በክብሪት አይሞከር። ቢጫ ነበልባልና ጥላሸት ከታየ አየር አንሷል ማለት ነው፤ ማሞቂያው ይጥፋ፣ ባለሙያ ይጠራ። ጋዝ ከሸተተ ማብሪያ ማጥፊያ ሳይነካ ሲሊንደሩ ይዘጋ፣ በሩ ይከፈት፣ ሰው ይውጣ።

ስድስተኛ፣ ከሰልም ይሁን ጋዝ በሚነድበት ጫጩት ቤት ውስጥ ማንም ሰው አይተኛ። ለጠባቂው የተለየ ማደሪያ ይዘጋጅለት፤ እየተመላለሰ ይይ።

ሙቀቱ ልክ መሆኑን ጫጩቶቹ ራሳቸው ይነግሩናል። ማሞቂያው ሥር ከተደራረቡ በርዷቸዋል፤ ርቀው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል፤ ወደ አንድ ጥግ ከሸሹ ነፋስ እየመታቸው ነው። በየቦታው ተበታትነው ከበሉና ከጠጡ ተስማምቷቸዋል።

እንደ 50 ያለ አነስተኛ ቁጥር ያላት እናት ግን ለጋዝ ገንዘብ ማውጣት የለባትም። በጭድ የተሸፈነው የጫጩት ሳጥን የጫጩቶቹን የራሳቸውን ሙቀት ይዞ ያቆያል፤ እሳት አይፈልግም። እርሱም ቢሆን የአየር ቀዳዳ ያስፈልገዋል።

በመጨረሻም ሦስት ነገር አሳስባለሁ። ዩኒየናችን ደረጃውን የጠበቀ ማሞቂያ፣ ጎማና ሬጉሌተር በአንድነት ገዝቶ ያቅርብልን፤ ተከላውንና ፍተሻውንም የሚሠራ ባለሙያ ይመድብ። የጥንቃቄው መመሪያ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ተጽፎ በየጫጩት ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ። የሥራ ኃላፊዎችም ለዶሮ እርባታ ብድር ሲፈቀድ የቤቱ አየር መተላለፊያና የጠባቂው ማደሪያ አስቀድሞ እንዲታይ አድርጉልን።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ አንድ ቤት ሳይነድ፣ አንድ ልጅም ሳይጎዳ ዛሬ እንጀምር።