ከጡት ነቀርሳ ሕክምና በኋላ የአካል ተሐድሶና የመሐንዲሱ ድርሻ

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



የጡት ነቀርሳ በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ የሴቲቱ ክንድ ራሱን የቻለ ክትትል ይሻል። በብብት ሥር የሚገኙት የሊምፍ ዕጢዎች ሲወጡ ከክንድ የሚመለሰው ፈሳሽ መንገዱ ይጠበዋል፤ ከዚህም የተነሣ ክንዱ ሊያብጥ ይችላል። የብብት ዕጢዎቻቸው በብዛት ከወጡላቸው ሴቶች መካከል ከ5ቱ አንዷ ያህል ይህ እብጠት እንደሚደርስባት ጥናቶች ያመለክታሉ። ነገሩ ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም፤ የፍሳሽ መሥመር በከፊል ሲዘጋ ውሃው ወደ ኋላ ይተኛል።

ትከሻም ይደርቃል። በጨረር ሕክምና ጊዜ ታካሚዋ ክንዷን ከራሷ በላይ አንሥታ መተኛት ስላለባት፣ ያልተፍታታ ትከሻ ሕክምናውን ራሱን ያሰናክላል። እ.ኤ.አ. በ2021 በእንግሊዝ አገር የታተመ፣ 392 ሴቶች የተካፈሉበት ጥናት፣ በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እየተመሩ ሳይዘገዩ እንቅስቃሴ የጀመሩት ከዓመት በኋላ በክንዳቸው የተሻለ መሥራት እንደቻሉ አሳይቷል። እንግዲህ ተሐድሶ የሕክምናው አካል እንጂ ምርቃት አይደለም።

ይሁን እንጂ ሁለት ሴቶች በአንድ ቀን በአንድ ሐኪም እጅ ታክመው ቢወጡ ዕድላቸው አንድ አይሆንም። ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ የምትኖረው፣ አቅሙ ካላት፣ በሠፈሯ በግል ክሊኒክ ከፍላ ትታያለች፤ በአሳንሰር ወጥታ ወርዳ በመኪና ትመለሳለች። በቦሌ አራብሳ የጋራ መኖሪያ ቤት በ4ኛ ፎቅ የምትኖረው ግን አሳንሰር የሌለውን ደረጃ ወርዳ፣ ታክሲ ተጋፍታ፣ መገናኛ ላይ ቀይራ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ትጓዛለች። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የምሥራቅ ምዕራብ የቀላል ባቡር መሥመር ከጦር ኃይሎች ተነሥቶ አያት ላይ ያበቃል፤ አራብሳ አይደርስም። ውሃ በተቋረጠ ቀን ደግሞ 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን፣ ይኸውም 20 ኪሎ ግራም፣ ያንኑ ደረጃ ይወጣል። ባለሙያው «ሸክምን ቀስ በቀስ ተለማመጂ» ቢላትም፣ ጀሪካን ቀስ በቀስ አይከብድም።

ተሐድሶ በአንድ ጉዞ አያልቅም፤ የሳምንታት ምልልስ ነው። በየቀጠሮው የዕለት ገቢዋን የምታጣ ሴት ብትቀር ግዴለሽ ልትባል አይገባም።

የሚያስፈልገው መሣሪያ ግን ቀላል ነው። ጣት እየተራመደ የሚወጣበት ግድግዳ፣ ገመድና መዘውር፣ የሁለቱን ክንዶች ዙሪያ በተመሳሳይ ቦታ የሚለካ ሜትር ለመጀመር ይበቃሉ፤ 2 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ሲታይ ወደ ባለሙያ መላክ ነው። ግፊቱ ከእጅ አንጓ ወደ ላይ እየቀነሰ የሚሄደው ልዩ እጅጌ ዋጋው ከፍ ይላል፤ የቀረው ሁሉ በየጤና ጣቢያው ሊገኝ የሚችል ነው። በዋናነት የጎደለው ቅርበት ነው።

ስለዚህ በ2013 ዓ.ም. በተቋቋመው በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማና በመሰል አዳዲስ ሠፈሮች ጤና ጣቢያ የሚነድፍ መሐንዲስ፣ በምድር ወለል አንዲት የተሐድሶ ክፍል ቢመድብ፣ የውሃ መሥመር የሚዘረጋውም ግፊቱ እስከ ላይኛው ፎቅ መድረሱን ቢያረጋግጥ፣ የሕክምና ሥራ ሠራ ማለት ነው። የደረጃ መደገፊያም ሊታሰብበት ይገባል። መደገፊያው በአንድ ወገን ብቻ ሲሆን፣ ስትወጣ በጤነኛው ክንዷ የያዘችው ሴት ስትወርድ በታመመው ለመያዝ ትገደዳለች። በሌላው ወገን የሚጨመረው ብረት ወጪው ጥቂት ነው፤ ለእርሷ ግን ቀጠሮዋን የምታደርስበት መንገድ ነው።