ዝናብ ባይመጣም

ወገኔ ሆይ፣ «ሰማዩ ተዘግቶብኛል» እያልክ ነው? እስቲ ናሚቢያ ውስጥ ያለውን የናሚብ በረሃ ተመልከት። ዝናብ ጭራሽ የማይጥልበት ዓመት አለ። ሌሊት ግን ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ጉም ይመጣል። ያኔ አንዲት ትንሽ ጥንዚዛ በዚያ ብርድ ከአሸዋው ውስጥ ወጥታ የክምሩ አናት ላይ ትቆማለች። ፊቷን ወደ ነፋሱ አዙራ ራሷን ትደፋለች፤ ጀርባዋን ታነሣለች። ጉሙ ጀርባዋ ላይ ጠብታ ይሆንና ወደ አፏ ይወርዳል። ጠጥታ ትውላለች!

አየህ ወገኔ፣ ጉሙ ለሁሉም መጥቷል፤ የጠጣችው ግን ተነሥታ የወጣችው ናት። አንተም ሥራውን፣ ፈውሱን እየጠበቅህ ይሆናል። ጠብቅ። እስኪመጣ ግን በየማለዳው የሚሰጥህን ጸጋ ተኝተህ አትለፈው። ነገ ጎህ ሳይቀድ ተነሣ፤ በጌታ ፊት ራስህን ዝቅ አድርግ። ጥንዚዛዋን ያልረሳ አምላክ አንተን አይረሳህም።