ዜሮዋ የት ትቀመጥ?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል፥ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን በመወከል የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በብዙ ትምህርት ቤት የተማሪን ማርክ የሚደምረው ኮምፒዩተር ስለሆነ፥ በካርዱ ላይ የታተመውን ቁጥር ሰው ያለ ጥርጥር ይቀበለዋል። ኮምፒዩተር ግን የታዘዘውን እንጂ የታሰበውን አይሠራም። ስለዚህ ከትእዛዞቹ አንዲቱን መርጠን ልናስረዳ እንወዳለን፤ ይኸችውም «ድምሩን ዜሮ አድርግ» የምትለው ናት።

ሁለት ተማሪዎች አሉ እንበል። የፊተኛው በሦስት ትምህርት 70፣ 80፣ 90 አገኘ፤ ድምሩ 240፣ አማካዩ 80 ነው። የኋለኛው 50፣ 60፣ 70 አገኘ፤ ድምሩ 180፣ አማካዩ 60 ነው። ፕሮግራሙ በሁለት ዙር ይሠራል፤ የውጪው ዙር ከተማሪ ወደ ተማሪ፥ የውስጡ ዙር ከትምህርት ወደ ትምህርት ይሄዳል።

ዜሮዋ ከሁለቱም ዙሮች ውጪ ብትቀመጥ፥ የምትፈጸመው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የኋለኛው ተማሪ ማርክ በፊተኛው ድምር ላይ ይጨመርና 420 ይሆናል፤ አማካዩም 140 ነው። ይህም እህል ነጋዴ የመጀመሪያውን ገበያተኛ እህል ከሚዛን ሳያወርድ የሁለተኛውን እንደ መጨመር ነው። ዜሮዋ በውስጠኛው ዙር ብትገባ ደግሞ፥ አዲስ ማርክ በመጣ ቁጥር የቀድሞው ይደመሰሳል። የፊተኛው ድምር 90፣ አማካዩ 30 ይሆናል። እንግዲህ ትክክለኛ ቦታዋ በውጪው ዙር ውስጥ፥ ከውስጠኛው ዙር በፊት ነው።

እስቲ ሁለቱን ስሕተቶች እናመዛዝን። ከመቶ 140 ማግኘት የማይቻል ስለሆነ፥ የፊተኛው ስሕተት ራሱን ያጋልጣል። 30 ግን የሰነፍ ተማሪ ውጤት ይመስላልና ማንም አይጠራጠረውም፤ ትጉሁ ልጅ ይወድቃል፥ ወላጁም ይቆጣዋል። ስለዚህ ከሁሉ የከፋው እውነት የሚመስለው ስሕተት ነው።

መነሻ ጨርሶ ካልተሰጠስ? ዴኒስ ሪቺ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1972 ገደማ ባዘጋጀው ሲ በተባለው ቋንቋ፥ እንዲህ ያለው ድምር በኮምፒዩተሩ ውስጥ ከቀድሞ ሥራ የቀረውን ቁጥር ይዞ ሊነሣ ይችላል። ጃቫ የተባለው ቋንቋ ግን በዙር ውስጥ የተሰየመ ድምር መነሻ ሳይሰጠው ሥራ ላይ ሲውል ካየ ፕሮግራሙን አይቀበልም። የድምሩንም ስም በውጪው ዙር ውስጥ ብንሰይመው፥ ከዙሩ ውጪ አይታወቅምና የአንዱ ማርክ ወደ ሌላው አይሻገርም።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ፕሮግራም ስንጽፍ መልሱን በእጃችን አስልተን በምናውቀው ቁጥር እንፈትነው። ፈተናውም ቢያንስ በሁለት ተማሪና በሁለት ትምህርት ይሁን፤ በአንድ ተማሪ የመጀመሪያው ስሕተት፥ በአንድ ትምህርት ሁለተኛው አይታይምና። ወላጆቻችን ሆይ፤ ካርዱ ሲመጣ ልጁን ከመቆጣታችሁ በፊት፥ እባካችሁ ማርኩን አንድ ጊዜ ደምሩት።