መንጠቆ ስንመርጥ
(ለሐይቅ ዳር አጥቢያዎች ሰበካ ጉባኤያት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



አንድ ሰበካ ጉባኤ ለአጥቢያው ወጣቶች የዓሣ ማስገሪያ መሣሪያ ለመግዛት ሲነሣ አብዝቶ የሚመክረው ስለ ጀልባውና ስለ መረቡ ነው። መንጠቆው በመጨረሻ፣ በተረፈው ገንዘብ፣ ገበያ ላይ ከተገኘው ዓይነት ይገዛል። ዛሬ የምንናገረው ስለዚህ በመጨረሻ ስለሚታሰበው ዕቃ ነው።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ጌታችን ጴጥሮስን ስለ ግብሩ ወደ ባሕር ሲልከው ያዘዘው መረብ እንዲጥል አልነበረም፤ መጽሐፍ መቃጥን የሚለውን መንጠቆ ነው። የሚፈለገው አንድ ዓሣ ነበርና። በዚያው ወንጌል ምዕራፍ 13 ግን መረቡ ከየዓይነቱ ይሰበስባል፤ ሰዎቹም ወደ ዳር ካወጡት በኋላ ተቀምጠው ይለያሉ። ምሥጢሩን ለመተርጉማን እንተውና ስለ መሣሪያዎቹ ጠባይ ብቻ እንናገር፤ በመረብ የሚለየው ዓሣው ከወጣ በኋላ ነው፤ በሚገባ የተመረጠ መንጠቆ ግን ገና በውኃው ውስጥ ሳለ ይለያል።

ይህ ልዩነት ለጣና ቀላል ነገር አይደለም። ቢልጫ ወይም ባርበስ ከሚባለው የዓሣ ወገን 15 ያህል ዝርያዎች ከጣና በቀር በዓለም ላይ ሌላ መኖሪያ የላቸውም። ቀድሞ በደንገል ታንኳ በዳር በዳሩ ይሰገር በነበረው ሐይቅ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ መስፋፋት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1986 በተጀመረው የልማት ፕሮግራም ሲሆን፣ ቤተ ክርስቲያናችንም በሥራው ተሳትፋለች። መሣሪያው ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆኗል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 በነበረው ጊዜ ውስጥ ወደ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ቢልጫዎች በመረብ የሚያዙበት መጠን በሦስት አራተኛ ያህል እንደቀነሰ ተመራማሪዎች መዝግበዋል። ዓሦቹ በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል በጉማራ፣ በርብ፣ በገልዳና በመገጭ አፍ ሲሰበሰቡ መረቡ በዚያው ይጠብቃቸዋል፤ ወደ ላይ ያለፉትንም በየገባሩ የብርብራ ፍሬ መርዝ ያገኛቸዋል።

እንግዲህ ወደ መንጠቆው እንመለስ። ቅርጹ ብዙ ቢሆንም ለእኛ ሥራ ሁለቱን መለየት ይበቃል። አንደኛው እንደ ከዘራ የታጠፈ፣ ጫፉ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚመለከት ነው። ሁለተኛው ክቡ መንጠቆ ነው፤ ጫፉ ወደ ውስጥ፣ ወደ ዘንጉ ዞሯል። ሰው ሲያየው ይህ ምን ሊይዝ ይችላል ብሎ ይጠራጠራል። የሚይዘው ግን በመጎተት ነው። ዓሣው ውጦት ሲሄድና ገመዱ ቀስ ብሎ ሲወጠር፣ መንጠቆው ከጉሮሮ ተንሸራቶ ይወጣና በአፉ ጥግ፣ በመንጋጋው ላይ ይሰካል። ከዘራው መንጠቆ ግን በዚያው ሁኔታ ከሆድ ዕቃ ላይ ይሰካል፤ ትንሹን ዓሣ ብንመልሰውም በሕይወት የመቆየት ተስፋው አነስተኛ ነው።

ስለዚህ ጥያቄያችን አንድ ነው፤ የአስጋሪው እጅ በገመዱ ላይ አለ ወይስ የለም? ማታ ተጥሎ ጠዋት ለሚነሣ ባለ ብዙ መንጠቆ ገመድ፣ በተለይ ለአምባዛ፣ ክቡን እንግዛ። አምባዛ በሌሊት የሚሄድ፣ በሽታና በጢሙ የሚያድን፣ ያገኘውንም የሚውጥ ዓሣ ነው። ራሱ አጥንታምና ጠንካራ ስለሆነ ቀጭን ሽቦ ይቃናበታል፤ ወፈር ያለ ይሁን።

እጅ በገመዱ ላይ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ጂግ የሚባለውን አሰጋገር ወጣቶቹ እየጠየቁን ነው። ጂግ በአንገቱ ላይ ክብደት የታሰረበት መንጠቆ ነው፤ እስከ ሐይቁ ወለል ይወርዳል፣ በእጅ ከፍ ዝቅ ይደረጋል፣ ሌላውን ዓሣ የሚበላ ዓሣም የቆሰለ መስሎት ይነጥቀዋል፤ ብዙ ጊዜም የሚነጥቀው ሲወርድ ነው። አስጋሪው ነጠቃውን እንደሰማ ገመዱን መምታት አለበት። ክቡ መንጠቆ ሲመቱት ከአፍ ተንሸራቶ ይወጣል፤ ለጂግ የሚሆነው ከዘራው ነው፤ እርሱም በጫፉና በዘንጉ መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት ያለው። የገመድ ማሰሪያው ዐይን ወደ ላይ የታጠፈ ቢሆን ይመረጣል፤ ክብደቱ ከታች፣ ጫፉ ከላይ ሆኖ ስለሚሄድ በድንጋይና በሥር ላይ እምብዛም አይያዝም። ደንገል በበዛበት ዳር ግን ቀጠን ያለው ሽቦ ይሻላል፤ ሥር ቢይዘው ጠንከር አድርገው ሲስቡት ተቃንቶ ይለቃል፣ ገመዱም ይተርፋል። ጫሞና አባያ ናይል ፐርች ለሚያሰግሩት ይህን አንመክርም።

ጂግ ለቆሮሶ አይሆንም፤ ቆሮሶ በአብዛኛው ዕፀዋት በል ነው። ለአምባዛም ቁራጭ ሥጋ ካልተሰካበት ብዙ አይረዳም። በጣና የሚነጥቁት ዓሣ በሎቹ ቢልጫዎች ናቸው፤ እነርሱ ደግሞ ልንጠብቃቸው የሚገቡት ናቸው። እኛ የምንመክረው ይህ ነው፦ ባለ ሦስት ጫፉን መንጠቆ ፈጽሞ አትግዙ፤ በባለ አንድ ጫፉም ላይ ያለችውን፣ ወደ ኋላ የተመለሰችውን እሾህ በፒንሳ ተጭናችሁ አስተኟት። በጂግ ገመዱ ሁልጊዜ የተወጠረ ስለሆነ የሚያመልጠው ጥቂት ነው፤ እንቁላል የያዘችውንና ትንሹን ግን ሳይጎዱ ለመመለስ ይቻላል።

ግዢ የሚፈጽሙ የኮሚቴ አባላት ይህን ልብ ይበሉ፦ የመንጠቆ ቁጥር ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል። ቁጥር 8 ከቁጥር 4 ያነሰ ነው። ከቁጥር 1 በላይ ግን አቆጣጠሩ ተገልብጦ 1/0፣ 2/0፣ 3/0 እያለ መንጠቆው ያድጋል። «ትልቁን ቁጥር» ብሎ ያዘዘ ሰው ለጫጩት ዓሣ የሚሆን ሣጥን ሙሉ መንጠቆ ሊረከብ ይችላል። ቁጥሩን ብቻ አትመኑ፤ ናሙናውን በእጃችሁ ይዛችሁ ግዙ። ትንሽ መንጠቆ ትንሹንም ትልቁንም ይይዛል፤ ትልቁ ትንሹን ያሳልፋል።

ስለ ክብደቱም አንድ ነገር አለ። ጂግ በየቤቱ ሲሠራ ከአሮጌ ባትሪ እርሳስ አውጥቶ (ብረቱን ማለታችን ነው) በምድጃ ማቅለጥ ይመጣል። ጢሱና አቧራው መርዝ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳውም ሕፃናትን ነው፤ የአእምሮ እድገታቸውን ይጎዳል። እንጀራ በሚጋገርበት ቤት ይህ ሊደረግ አይገባም። ዳዶ ወይም የብሎን ቁራጭ በሽቦ ማሰር በቂ ነው፤ ዝገቱ ለዓሣው ምንም አይደለም።

ወቅቱን በተመለከተ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በወንዞቹ አፍ መንጠቆም መረብም እንዳይጣል እንለምናለን። የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 ጀምሮ የሚውለው በዚሁ መካከል ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ዛሬ አንገባበትም፤ ገበያው በጾም እንደሚሞቅ ግን ሁላችንም እናያለን። ካህናት አባቶች በዐውደ ምሕረት ስለ ወንዞቹ አፍ አንድ ቃል ቢናገሩ ከእኛ ንግግር ይልቅ ይሰማል።

ናሙናዎቹ በጠረጴዛው ላይ ናቸው፤ ክብና ከዘራ በሁለት በሁለት መጠን። ከየአጥቢያው አንድ አስጋሪ ይውሰድና ከኅዳር እስከ ጥር በሁለቱም ይሞክር፤ ስንቱ ዓሣ በከንፈሩ፣ ስንቱ በሆዱ እንደተያዘ እየቆጠረ ይጻፍልን። መጻፍ የማይችል ቢኖር የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ይጻፉለት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።