ከመቶ ሜትር በኋላ
(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



የተጋበዝኩት ስለ ሥራዬ ስኬት እንድናገር ነው። እኔ ግን ስላቃጠልኩት ሀብ ልናገር ነው።

ሰርቦን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ ከአዲስ አበባ ስንመጣ ጅማ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን የምናልፋት ከተማ ናት። መጀመሪያ የወረድኩባት ለሲቢቲፒ፣ የመጠይቅ ወረቀት ታቅፌ ነበር። ከተመረቅኩ በኋላ እዚያው አካባቢ ያለ አንድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍሉን ከአስተዳደር ቢሮው ጋር እንዳገናኝለት ጠየቀኝ። ርቀቱ 160 ሜትር ነው።

በእጄ የነበረው ዩቲፒ ኬብል ነው። ከ100 ሜትር በላይ በአንድ ዝርጋታ መሄድ እንደሌለበት ተምሬያለሁ። በቃ! መሃል ላይ፣ ጥበቃው ቤት ውስጥ፣ አንድ ሀብ አስቀመጥኩና ገመዱን በዛፍ በዛፍ ዘረጋሁት። ሠራ፤ ተጨበጨበልኝም። አንድ አባት ብቻ ቀና ብለው አይተው፣ በኦሮምኛ «ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ሽቦ ሰማይ ላይ ሰቅለህ ክረምቱን ምን ልትለው ነው?» አሉኝ። ሳቅኩ።

ሰኔ ላይ መብረቅ ወደቀ። ሀቡ ጠቁሮ፣ በሁለቱም ጫፍ ያሉት ስዊቾች ሞተው አገኘኋቸው። የተማሪዎች ውጤት የነበረበት ኮምፒውተርም አብሮ ሄደ። መምህራኑ ውጤቱን ከወረቀት መዝገብ እንደገና ሲገለብጡ ስንት ማታ አመሹ! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይሄ ነው።

ርዝመቱን በትክክል አስልቻለሁ፤ ታዲያ ስህተቴ ምን ነበር? በዩቲፒ ውስጥ ስምንቱ ሽቦዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚጠማዘዙት ከውጭ የሚመጣውን ሁከት እንዲያጣፉ ነው። የመብረቅን ጉልበት ግን አይችሉም። መዳብ መረጃውን ብቻ ሳይሆን ኤሌክትሪኩንም ከሕንፃ ሕንፃ ያሻግራል። ፋይበር ግን መስታወት ነው፤ በውስጡ የሚያልፈው ብርሃን ነው። ብረት የሌለበት ፋይበር መብረቁን አያሻግርም፤ 160 ሜትርም ለእሱ ምንም አይደለም።

የሚቀጥለው ክረምት ሳይገባ ወላጆች በደቦ ቦይ ቆፈሩልን። ፋይበሩን በፕላስቲክ ቱቦ አስገብተን ቀበርነው። በየጫፉ ሚዲያ ኮንቨርተር፣ ከዚያ ወደ ስዊቹ አጭር ዩቲፒ፤ አለቀ። መሃል ያለው ሀብም ቀረ። ሀብ የሰማውን ለሁሉም ያወራል፤ ስዊች ግን መልእክቱን ለባለቤቱ ይሰጣል።

መምህራኖቻችን፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ተማሪዎቻችሁን የሽቦ ቀለም ቅደም ተከተል ብቻ አታስጠኗቸው። ወደ ውጭ አውጧቸው፤ ገመዱ የሚያልፍበትን መሬትና ሰማይ ያሳዩዋቸው ዘንድ የአገሩን ሽማግሌዎችም ይጠይቁ። እኔ የጠየቀኝን ሰው ስቄበት ነው የከፈልኩት።

ሰርቦ ቅርብ ናት። ተማሪ ይዛችሁ ኑ፤ ቡናው በእኔ ነው።