ከመርከቡ በፊት የደረሰ ጎረቤት
(በመምህራን ማኅበር ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



በሰው ልጅ ላይ መከራ በወረደ ጊዜ ሁለት ዓይነት እጆች ይዘረጋሉ። አንደኛው በመርከብና በአውሮፕላን ከሩቅ አገር የሚመጣው የባዕድ እጅ ነው፤ ሁለተኛው ከአጥር ማዶ የሚዘረጋው የጎረቤት እጅ ነው። ሁለቱም የተመሰገኑ ናቸው። ነገር ግን የሁለቱ ሥራ አንድ አለመሆኑን፥ አንዱም የሌላውን ስፍራ ሊይዝ አለመቻሉን የፊሊፒን ሕዝብ በ2013 ዓ. ም. በደረሰበት መከራ ለዓለም አስተምሮአል። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኖቬምበር 8 ቀን 2013፥ ይኸውም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥቅምት 29 ቀን 2006፥ ገና ሳይነጋ፥ ሃይያን የተባለው፥ የአገሩ ሰዎች ግን ዮላንዳ ብለው የሰየሙት ብርቱ ዐውሎ ነፋስ በምሥራቅ ሳማር በምትገኘው በጊዋን ከተማ በኩል ወደ ምድር ገባ። በምዕራብ ፓሲፊክ ውቅያኖስ የሚነሣውን እንዲህ ያለውን ነፋስ ታይፉን ይሉታል። ፍጥነቱ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ እንደ ነበረ ተገምቶአል። ይሁን እንጂ ከነፋሱ ይልቅ ብዙ ሕይወት ያጠፋው ነፋሱ እየገፋ ያመጣው ውሃ ነበር። በሌይቴ ደሴት በምትገኘው በታክሎባን ከተማ ባሕሩ ከ5 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ወደ ሰፈሮች ገባ። በጠቅላላው ከ6 ሺህ 300 የማያንሱ ሰዎች ሞቱ፤ ከ1 ሺህ በላይ የሚሆኑትም የገቡበት ጠፋ፤ ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ፤ ከ1 ሚሊዮን በላይ ቤቶች ፈረሱ ወይም ተጎዱ።

ታዲያ ማስጠንቀቂያ አልነበረምን? ነበረ። የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቱ የባሕሩን መነሣት አስቀድሞ ተናግሮ ነበር፤ ፕሬዚዳንቱ ቤኒኞ አኪኖም ከዋዜማው ምሽት በቴሌቪዥን ቀርበው ሕዝቡን አስጠንቅቀዋል። ነገር ግን ሊመጣ ያለው አደጋ የተጠራው «ስቶርም ሰርጅ» በሚል የእንግሊዝኛ ቃል ነበር። ከአደጋው የተረፉ ብዙ ሰዎች ያ ቃል ምን ማለት እንደ ሆነ እንዳልገባቸው፥ «እንደ ሱናሚ ያለ ውሃ ይመጣል» ተብለው ቢሆን ኖሮ ግን ይሸሹ እንደ ነበር ተናግረዋል። ነፋስን ብቻ የፈራው ሰው በሩን ዘግቶ በቤቱ ተቀመጠ፤ ከነፋስ ያስጥላሉ ተብለው ለመጠለያ ከተመረጡት ሕንፃዎችም አንዳንዶቹ ውሃ ገብቶባቸው የተጠለለባቸው ሰው ሞተ። ጆሮ የሰማውን ልብ ካላስተዋለው ማስጠንቀቂያው እንዳልተነገረ ይቈጠራል።

ይህም ባሕር ለዚያ አገር እንግዳ አልነበረም። በኦክቶበር 1897 በዚያው በሳማርና በሌይቴ ላይ ታላቅ ዐውሎ ነፋስ ወርዶ ባሕሩ ምድርን አጥለቅልቆ ነበር። በማኒላ የሰማይ ጠባይ መመልከቻ አስተዳዳሪ የነበሩት ሆሴ አልጌ የተባሉት የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ስለዚያ አደጋ መጽሐፍ ጽፈዋል። መጽሐፉ ለሊቃውንት ቀረ፤ ነገሩ ግን ከልጅ ልጅ እየተላለፈ በባሕር ዳር ሰው ሁሉ አእምሮ አልኖረም።

በሌላ በኩል በካሞቴስ ደሴቶች፥ ከሳን ፍራንሲስኮ ወረዳ አጠገብ፥ ቱላንግ ዲዮት የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ነዋሪዎቿ 1 ሺህ ያህል ነበሩ። ነፋሱ ከመድረሱ አንድ ቀን አስቀድሞ ሁሉም ደሴቲቱን ለቀው ወጡ። ነፋሱም ባለፈ ጊዜ 500 የሚሆኑት ቤቶቻቸው በሙሉ ፈርሰው ተገኙ፤ ከሰዎቹ ግን አንድ እንኳ አልሞተም። ለዚህ ምክንያቱ ምን ነበር? በዚያ ወረዳ ሕዝቡ «ፑሮክ» በተባሉ ትንንሽ የጎረቤት ማኅበሮች የተደራጀ ነበር። የማኅበሩ አባሎች ይሰበሰባሉ፤ ለክፉ ቀን ጥቂት ጥቂት ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ሰፈራቸውን ያጸዳሉ፤ አደጋ ሲመጣ ማን ማንን እንደሚያነሣ ያውቃሉ። ስለዚህም ሥራ ወረዳው በ2011 ዓ. ም. ከተባበሩት መንግሥታት የሳሳካዋ ሽልማት ተሰጥቶታል። የእድርን ሥርዓት የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ሲሰማ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

አሁን ወደ ባዕድ እርዳታ እንመለስ። የታክሎባን አውሮፕላን ማረፊያ ስለ ተበላሸና መንገዶች በወደቀ ዛፍና በፍርስራሽ ስለ ተዘጉ፥ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ቁስለኛውን የተሸከመው፥ ሬሳውን ያነሣው፥ ያለውን እህል የተካፈለው ራሱ የተጎዳው ሕዝብ ነበር። ከዚያ በኋላ እርዳታው ጐረፈ። አሜሪካ ጆርጅ ዋሽንግተን የተባለችውን የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላከች፤ ብሪታንያም የጦር መርከቦቿን፥ ቻይና የሆስፒታል መርከቧን ላኩ፤ ጃፓን ከ1 ሺህ በላይ ወታደሮች አሰማራች። በ1944 ዓ. ም. አሜሪካና ጃፓን በዚያው በሌይቴ ምድርና ባሕር ብዙ ደም ያፈሰሱ ባላጋራዎች እንደ ነበሩ ለሚያስታውስ ሰው፥ የሁለቱ ወታደሮች ውሃና መድኀኒት ይዘው ወደዚያው ስፍራ መምጣታቸው ታላቅ ነገር ነው።

ይሁን እንጂ እርዳታ ሁሉ እኩል ፍሬ አላፈራም። መልካም ፍሬ ያፈራው የሕዝቡን ልማድና ወቅት የተከተለው ነው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የሩዝ ዘር ለዲሴምበርና ለጃኑዋሪ የዘር ወራት አድርሶ ስለ ነበር፥ ገበሬው በሚቀጥለው የበልግ ወራት የራሱን እህል አጨደ። ጹ ቺ የተባለው የታይዋን የቡድሃ ሃይማኖት የበጎ አድራጎት ማኅበር ደግሞ የታክሎባንን ሰዎች በቀን 500 ፔሶ እየከፈለ የገዛ ሰፈራቸውን ፍርስራሽ እንዲጠርጉ አደረገ፤ በዚህም መንገዱ ጸዳ፥ ገበያው ተከፈተ፥ ሰውም የለማኝነት ስሜት ሳይሰማው የላቡን ዋጋ ይዞ ወደ ቤቱ ገባ። ፊሊፒኖች «ባያኒሃን» የሚሉት የቆየ ልማድ አላቸው፤ ይኸውም ጎረቤቶች ተሰብስበው የአንዱን የቀርከሃ ቤት በትከሻቸው አንሥተው ወደ ሌላ ስፍራ የሚያዛውሩበት ነው። በደቦና በወንፈል ያደገ ሰው ትርጕሙን ያለ አስተርጓሚ ያውቀዋል። እርዳታው በዚህ ትከሻ ላይ ባረፈበት ስፍራ ሥራው ቀና።

ሕዝቡን ሳይጠይቅ የተወሰነው ነገር ግን ተሰናከለ። መንግሥት ከባሕር ዳር እስከ 40 ሜትር ድረስ ቤት እንዳይሠራ አዘዘ። አሳቡ ሕይወት ለማዳን ነበር፤ ነገር ግን ዓሣ አጥማጅ ከባሕሩ ሲርቅ እንጀራው አብሮ ይርቃል። ከከተማው በስተ ሰሜን ርቀው በተሠሩት አዳዲስ ሰፈሮች የውሃና የሥራ እጦት ብዙ ቤተ ሰብን አስቸገረ፤ 40 ሜትር የተባለውም ደንብ በኋላ እንደየስፍራው አደገኛነት እንዲለይ ሆነ። ደግሞም 33 ሚሊዮን ያህል የኮኮናት ዛፎች ወድቀው ወይም ተጎድተው ነበር። አዲስ የተተከለ ኮኮናት ፍሬ እስኪሰጥ ከ6 እስከ 8 ዓመት ይፈጅበታል፤ የባዕድ አገር ጋዜጠኛና መርከብ ግን ይህን ያህል ጊዜ አይቈዩም። የሚቈየው ጎረቤት ነው።

ከዚህ ሁሉ ለመምህራን የሚተርፈው ትምህርት ምንድር ነው? በአፍሪካ ቀንድም ውሃ ሰውን የሚወስድበት ጊዜ አለ። በኦገስት 2006 በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል፤ በሜይ 2018 ሳጋር የተባለው ዐውሎ ነፋስ የሶማሌን ሰሜናዊ ጠረፍና ጅቡቲን መትቶአል። እንግዲህ የመምህሩ ፈንታ ሦስት ነገር ነው። አንደኛው፥ የአደጋውን ስም ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲያውቁት ማድረግ ነው፤ ስሙን ብቻ ሳይሆን ውሃው ከየት ተነሥቶ እስከ የት እንደሚደርስ፥ ሰውስ ወደ የትኛው ጕብታ እንደሚሸሽ ጭምር። ሁለተኛው፥ ሽማግሌዎች ያዩትን ጎርፍና ድርቅ ጠይቀው እንዲጽፉና እንዲያነብቡ ማድረግ ነው፤ በአንድ ትውልድ የተረሳ አደጋ ለሚቀጥለው ትውልድ አዲስ ሆኖ ይመጣልና። ሦስተኛው፥ ትምህርት ቤቱና የሰፈሩ እድር በደኅናው ቀን እንዲተዋወቁ ማድረግ ነው፤ አካሉ የደከመ አረጋዊ በየትኛው ቤት እንዳለ የሚያውቀው የሰፈሩ ሰው እንጂ ከውቅያኖስ ማዶ የመጣው መርከበኛ አይደለም።

ይህ ሲባል የባዕድን እርዳታ ለመናቅ አይደለም። የተራበ ሰው ዳቦውን ማን እንደ ጋገረው አይጠይቅም፤ ለሰጪውም ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው፥ እጅግ ፈጣን የሆነው መርከብ እንኳ የሚደርሰው ውሃው ካለፈ በኋላ ነው። የቱላንግ ዲዮትን 1 ሺህ ነፍስ ያዳነው በቋንቋው የሚያስረዳ፥ በር እያንኳኳ የሚያስነሣ፥ የማይችለውን ተሸክሞ የሚያሻግር ጎረቤት ነው። እንዲህ ያለው ጎረቤት ደግሞ በልጅነቱ በትምህርት ቤት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነውና፥ እርሱን የማዘጋጀቱ ሥራ በመምህራን እጅ ነው።