ሞልቶ የሚነሣና ሰዓቱን ጠብቆ የሚነሣ
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የማኅበሩን ወረቀትና ኮምፒዩተር እንድንይዝ የመረጣችሁን ሦስታችንም ታክሲ ነጂዎች ነን። ስለዚህ ንግግራችንን ከምናውቀው ከመንገዱ ብንጀምር አትፍረዱብን።

በዚህ በጆሃንስበርግ፣ እስከ ዛሬ ብሪ በምንለው መናኸሪያ፣ ሚኒባስ የሚነሣው ሲሞላ ነው። አንድ ሰው ከጎደለ ሁሉም ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ከፓርክ ስቴሽን የሚነሣው ጋውትሬይን ግን ሞላም ጎደለም ሰዓቱ ሲደርስ በሩን ይዘጋል፤ የዘገየ የሚቀጥለውን ይጠብቃል። የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚሠሩ ሰዎችም እንዲሁ በሁለት ይከፈላሉ። ይህንን ያወቅነው ማኅበሩ ፕሮግራም የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው፣ በነፃ የሚገኘውን ኡቡንቱን በአሮጌው ኮምፒዩተር ላይ በጫንን ጊዜ ነው።

ኡቡንቱ የዚህ አገር ልጅ ያስጀመረው ሥራ ነው። በፍሪ ስቴት፣ በዌልኮም ከተማ የተወለደው ማርክ ሻትልዎርዝ ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ1999 ሸጦ፣ በ2002 በሩሲያ መንኮራኩር ጠፈር ደርሶ ከተመለሰ በኋላ፣ በ2004 ባለሙያዎችን ሰብስቦ ጀመረው። ስሙም እዚህ ሁላችንም የምንሰማው፣ የአንዱን ሰውነት ከሌላው ሰው ጋር የሚያያይዘው የንጉኒ ቋንቋዎች ቃል ነው። የፕሮግራሙ ውስጣዊ አሠራር ለማንም ክፍት ነው፤ ማንም አይቶ ሊያርመው፣ አባዝቶም ለጎረቤቱ ሊሰጠው ይችላል። ታዲያ በየአገሩ ተበትነው፣ ብዙዎቹም ያለ ደመወዝ በሚሠሩ ሰዎች መካከል "ይኸው ተጠናቀቀ፣ ውሰዱት" የሚባለው መቼ ነው? ማንስ ይወስናል?

ኡቡንቱ የተመሠረተው ዴቢያን በተባለው ሌላ ፕሮግራም ላይ ነው። ዴቢያን እንደ ሚኒባሱ ነው፤ ሳይሞላ አይነሣም። ጥንቃቄው የሚያስመሰግነው ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2002 ከወጣው እትም ቀጥሎ ያለው እስከ ጁን 2005 ድረስ ቆይቷል። ኡቡንቱዎች ግን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በኤፕሪልና በኦክቶበር፣ እናወጣለን ብለው ቀን ቆረጡ። ቁጥሩም ዓመቱና ወሩ ነው፤ የመጀመሪያው በኦክቶበር 2004 ስለወጣ 4.10 ተባለ። (ቅጽል ስሙ በእኛ ቋንቋ "ኪንታሮታም ከርከሮ" እንደማለት ነው፤ ቀልደኞች ናቸው።) ቀኑ ከመድረሱ ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ አዲስ ነገር መጨመር ይከለከላል፤ ከዚያ ወዲያ የሚፈቀደው ስሕተት ማረም ነው። ያልደረሰ ሥራ ለሚቀጥለው ይቆያል እንጂ ሌላውን አያስቆምም።

አንድ ጊዜ ግን ቀኑን ራሳቸው ገፍተውታል። ለኤፕሪል 2006 የታሰበው እትም ለብዙ ዓመታት ድጋፍ እንዲሰጠው የታቀደ የመጀመሪያው ስለነበር፣ ሻትልዎርዝ በማርች ወር ይዘግይ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። በግልጽ ተወያዩበትና በጁን 1 ወጣ። ቁጥሩም 6.04 መሆኑ ቀርቶ 6.06 ሆነ። መዘግየቱን ቁጥሩ ራሱ ይናገራል፤ እኛ እጅግ የወደድነው ይህንን ነው። በኦክቶበር 2017 የወጣው 17.10ም አንዳንድ ላፕቶፖችን እንደሚያበላሽ ሲታወቅ በዲሴምበር ሰው እንዳይወስደው ተደረገ፤ ታርሞ በጃንዋሪ 2018 ሲመለስ 17.10.1 ተባለ። በድሮው ቁጥር ሾልኮ አልገባም።

እኛስ? የእድራችንን መተዳደሪያ ደንብ አስታውሱ። ኮምፒዩተሩ ውስጥ "ደንብ የመጨረሻ"፣ "ደንብ የመጨረሻ 2"፣ "ትክክለኛው የመጨረሻ" የሚሉ ፋይሎች ነበሩ። ከሦስታችን አንዱ አንዲት ቁጥር ለውጦ በዚያው ስም አስቀምጧት ነበር። በ2016 ዓ.ም. ባለቤታቸው ያረፉባቸው እናታችን በእጃቸው የያዙት ወረቀትና ገንዘብ ያዡ ያነበበው ወረቀት በአምስት ሺህ ራንድ ተለያዩ። ሁለቱም ማኅተም አለባቸው። እኚያ እናት ለቅሶ ላይ ተቀምጠው ወረቀት ፈልገው እንዲያሳዩ ተጠየቁ። ገንዘቡ ኋላ ተሟልቶላቸዋል፤ ያንን ቀን ግን የሚመልሰው የለም። ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ በዚህ መድረክም ይቅርታ እንጠይቃቸዋለን።

ከዚያ ወዲህ ደንቡ የሚወጣው በዓመት አንድ ጊዜ፣ በመስከረም ጉባኤ ነው። ቁጥሩ በእኛው አቆጣጠር ሆኖ፣ የመስከረም 2017ቱ 17.01፣ የ2018ቱ 18.01 ተብሏል። (ጳጉሜን ላይ ቢወጣ 13 ልትሉት ነው ብሎ የሳቀብን አለ። አዎን፣ እንለዋለን።) ከነሐሴ 1 ወዲያ አዲስ አንቀጽ አንቀበልም። የፊደል ወይም የቁጥር ስሕተት ከተገኘ ግን መስከረምን ሳንጠብቅ ይታረምና 18.01.1 ይባላል።

አሁን የቀረበልን ጥያቄ ከባድ ነው። ሀገር ቤት ወላጅ ለሞተበት አባል የሚሰጠው ገንዘብ እንዲጨመር አሥራ ሁለት አባላት ጽፈውልናል፤ አሁኑኑ ይግባ ይላሉ። ሐዘን ቀጠሮ እንደማያውቅ እኛም እናውቃለን፤ ከሦስታችን ሁለታችን የወላጆቻችንን ቀብር የተከታተልነው በስልክ ነው። ነገር ግን ይህ አዲስ አንቀጽ እንጂ የስሕተት እርማት አይደለም፤ የወር መዋጮውን ሳይነካ አይሆንም፤ ሒሳቡም ገና አልተሠራም። ስለዚህ ለ19.01 ብለን መዝግበነዋል። ጉባኤው በመካከል ይውጣ ካለም ሥልጣኑ የእርሱ ነው፤ በሁላችሁ ፊት ይወሰን፣ የወጣበትም ወር ቁጥሩ ላይ ይጻፍ። ማታ ስልክ ተደውሎልን የምናስገባው አንቀጽ ግን አይኖርም።

18.01 በአዳራሹ በር ላይ ተለጥፏል። የድሮውን የያዛችሁ እባካችሁ አትቅደዱት፤ ለጸሐፊው ስጡት። አንድ አባል ባረፈበት ቀን ይሠራበት የነበረው ደንብ የትኛው እንደሆነ የሚታየው ከዚያ ነው።